ክብርት ዶንካና “አንድ ጥያቄ ብቻ”

ከመቄዶንያዊ ሁሉ ይበልጥ መቄዶንያዊ የሆነ ሰው ማየት ካማራችሁ እኛ ዘንድ አትድከሙ፤ እዚህ አታገኙትም። እሱ የተወለደው ሜልቦርን ነው፤ ካልሆነም ቶሮንቶ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከዝንቡና ከሐብሐቡ ጋር አብሮ ይደርሳል፤ በጀርባው ቦርሳ፣ በአንገቱ የብር መስቀል፣ በእጁ ደብተር ይዞ። ደብተሩን ልብ በሉልኝ፤ መከራችን ያለው እሱ ውስጥ ነው።

እኛ የጎርኖ ስሊቮ መንደር ሰዎች “ባለደብተሮቹ” እንላቸዋለን። ያልደረሰበት ቤት የለም። ካቻምና አንዱ ባለደብተር ጎረቤቴ ትራይቼ ቤት አርፎ የጉድጓዱን ጥልቀት በገመድ ለክቶ፣ የገመዱንም ፎቶ አንስቶ ሄደ። ታች ሰፈር ያረፈው ደግሞ የአጎቱን ማጭድ “ይህ እኮ ቅርስ ነው!” ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ አጎትዬው ሣር ሲደርስበት በስንት ልመና አስወረደው። ምን ይደረጋል፣ ሥጋ ናቸው። ሥጋ ደግሞ አይመረጥም።

የእኔዋ ባለደብተር፣ ክብርት ዶንካ፣ የአባቴ ወንድም የልጅ ልጅ ናት። አጎቴ ስቶይቼ ከስልሳ ዓመት በፊት አንድ የእንጨት ሻንጣና አንዲት ሚስት ይዞ፣ “ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ” ብሎ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ሻንጣው እንኳ አልተመለሰም። በሱ ፈንታ ባለፈው ዓመት የሐምሌ ወር የልጅ ልጁ መጣች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት አላት፣ ጫማዋ የወታደር ጫማ ይመስላል። አፏን ስትከፍት ግን ሰማንያ ዓመቷ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቋንቋችንን ያስተማረቻት ሴት አያቷ ናት፤ አያቷ ደግሞ ከዚህ ስትሄድ የያዘችውን አነጋገር እስከ ዛሬ አልለወጠችም። ልጅቷ ከአውቶቡስ እንደ ወረደች እጄን ስማ፣ “እንደምን ከረሙ ጌታዬ! ከብቱ ደኅና ነው? አዝመራው ሰመረ? ከቤት የጎደለ የለም?” አለችኝ። እኔ ከብት የለኝም፤ ያለኝ ሁለት ፍየልና የማይነሳ መኪና ነው። እንዲህ ያለ ሰላምታ የሰማሁት አያቴ በሕይወት ሳሉ ነበር። ሚስቴ ቬሊካ ደንግጣ አማተበች።

ወዲያው ደብተሩ ወጣ። “አጎቴ ናውም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ።”

ወገኖቼ፣ በዚህ ዓለም ላይ እንደ “አንድ ጥያቄ ብቻ” ያለ ውሸት የለም። የመጀመሪያው አንድ ጥያቄ፣ “አያቴ የተወለደው የትኛው ክፍል ነው?” የሚል ነበር። የድሮው ቤት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! “እዚያ ግድም ነበር” ብዬ እጄን በደፈናው ወደ ጓሮ አወናጨፍኩት። ክብርት ዶንካ እጄን ተከትላ ቀጥ ብላ ሄደች፤ የፍየሎቹ በረት ጋ ደረሰች፤ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያንን ግድግዳ እኔ ራሴ ነኝ በብሎኬት የሠራሁት፣ በሰማንያ ሦስት። አፌን ልከፍት ስል ቬሊካ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ ዝም አልኩ። ፍየሎቹም ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ እፎይታ የሚባል ነገር አላየሁም። ስበላ አንድ ጥያቄ፣ ስላጭ አንድ ጥያቄ። “አጎቴ፣ ለምንድን ነው ዳቦ ሲወድቅ የሚሳመው?” “ስለወደቀ።” ትጽፋለች። “አጎቴ፣ ለምንድን ነው የቆዳ ጫማ የማያደርጉት፣ እንደ አያቶቻችን?” “ላስቲክ ተሠርቶ ተገላገልን።” ትጽፋለች! ጎኑ ላይ ኮከብ ምልክት ታደርጋለች! ኮከቡ ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ጭፈራውንማ ተዉት። ሜልቦርን ባለው የወጣቶች ክለባቸው ሠላሳ ሁለት ዓይነት ጭፈራ ተምራለች። እኛ የምናውቀው ሦስት ነው፤ እሱንም አረቄ ከቀመስን ነው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከበሮው ሲመታ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ “አጎቴ፣ ተሳሳቱ እኮ፤ የእኛ አካባቢ በግራ እግር ነው የሚጀምረው” አለችኝ። የእኛ አካባቢ! ስልሳ አንድ ዓመት በዚህ እግር ይህንኑ አፈር ስረግጥ የኖርኩት እኔ! የሚያናድደው ደግሞ ልክ ናት። አባቴም በግራ ነበር የሚጀምሩት፣ ትዝ አለኝ።

ከሁሉም የባሰው የዘር ሐረጉ ነው። ወረቀት በወረቀት ላይ እየለጠፈች የጠረጴዛ ልብስ የሚያክል አደረገችው። መቃብር ስትዞር ውላ አቧራ ለብሳ ትመጣና፣ ይህ ከዚያ ተወለደ፣ ያ ከዚህ ተወለደ ትላለች። በዚህ መሐል እኔና ትራይቼ የሥጋ ዘመድ ሆነን ተገኘን። እኔና ትራይቼ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም፤ እንዲህ ያማረ ጠብ በአገሩ አልነበረም። ክብርት ዶንካ ሁለታችንንም ከ“ቅሎዋ” ዛፍ ሥር አቆመችን። “የአያቶቻችሁ እናቶች እኅትማማቾች ናቸው። በሞቴ፣ ተጨባበጡ።” ተጨባበጥን። ሁለታችንም በጣም ከፋን።

“ቅሎዋ” እሷ በአያቷ አፍ የምትጠራት የሾላ ዛፋችን ናት፤ ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚጠራት አንድም ሰው መንደሩ ውስጥ የለም። እኔም ሳላውቀው እንደሷ መጥራት ጀምሬያለሁ፣ ይኸው።

ታዲያ አንድ ነገር ልናገር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ልጅቷ ሥራ ትወድ ነበር። ከማዕድ ስንነሳ ሳህን ታነሳለች፤ ቬሊካ ከእጇ ትነጥቃታለች። “ተቀመጪ! እንግዳ እኮ ነሽ!” መጥረጊያ ትይዛለች፤ “አረ ነውር ነው፣ እንግዳ!” ሌሎቹም ቤቶች እንደዚያው። ከሁሉ የተሻለው ወንበር የሷ ነው፣ የበጉ ፍሪምባ የሷ ነው፣ ሥራው የእኛ ነው። የመጀመሪያ ቀን እንግዳ ወርቅ፣ የሁለተኛ ቀን ብር፣ የሦስተኛ ቀን ብረት ይባላል፤ እሷ አርባ ቀን ሙሉ ወርቅ ሆና ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ሥር ትከትና፣ ፊቷ ቅጭም ይላል። ደክሟት ነው እያልኩ አለፍኩት።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

የመንደራችን ደብር የማርያም ናት፤ በፍልሰታዋ በዓል ዕለት ሕዝቡ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በአንድ ማዕድ ይበላል። ደጋሹ አንድ ሰው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ የሚባርኩትን ትልቁን ዳቦ ደጋሹ ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ “ማን ይቀበለኛል?” ይላል። ወጥቶ ዳቦውን ስሞ የተቀበለ ሰው የከርሞውን ድግስ ተረከበ ማለት ነው። በጦርነቱ ዘመን እንኳ አልተቋረጠም፤ ያኔ የተደገሰው የተቀቀለ ቦሎቄ ብቻ ነበር ይላሉ፣ ግን ተደግሷል።

እኔ ዳቦውን የተቀበልኩት የዛሬ ሰባት ዓመት ነው፣ ለአንድ ዓመት ብዬ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ “ማን ይቀበለኛል?” እላለሁ፤ ሰዉ ጫማውን ያያል፤ ዳቦዬን ታቅፌ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ማን ይቀበል? ለበዓሉ ከየከተማው ሁለት መቶ ሰው ይሰበሰባል፤ በብርዱ ወራት መንደሩ ውስጥ ያለነው ግን ሃያ ሁለት ነፍስ ነን፤ ከሃያ ሁለቱ ድስት ማንሣት የሚችለው አምስት አይሞላም። የእኔም ወገብ ተሰናብቶኛል። ቄሳችን አባ ግሊጎር በዋዜማው ጠርተውኝ፣ “ናውም፣ አንተን ከዚህ በላይ ማስቸገር ግፍ ነው። ነገ ተቀባይ ካልተገኘ ድግሱ ይቅር፤ ቅዳሴው ይበቃናል” አሉኝ። የአባቶቼ ድግስ በእኔ እጅ ሊቋረጥ ነው። ቤት ስገባ ደግሞ ቬሊካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

“ያ ዳቦ በዚህ በር ተመልሶ ከገባ፣” አለች፣ “አንተና ዳቦው ፍየሎቹ ዘንድ ታድራላችሁ!”

በዚህ ሰዓት ነው እንግዲህ ደብተሩ ብቅ ያለው። “አጎቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ነገ የሚነሣው ዳቦ ምንድን ነው? እኛ ጋ ከዳቦ ቤት ይገዛና ኮሚቴው ይቆርሰዋል።”

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “በረከት ነው፣” አልኳት። “የተቀበለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይባረካል። ለእንግዳ ነው የምንተወው።”

ጻፈችው። ኮከብም አደረገችበት። የዚያን ዕለት ኮከቡ ዓይኔን ወጋኝ።

በማግሥቱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁላችን በሸሚዝ ነን፤ ክብርት ዶንካ ግን የአያቷን የባህል ልብስ ለብሳ መጣች፤ ሱፍ በሱፍ ላይ፣ ደረቷ ላይ የብር ጌጥ፣ ልብሱ በጠቅላላ አሥራ ሁለት ኪሎ ይመዝናል ብላ ነግራናለች፣ መዝናዋለች። ዳቦውን አነሣሁ። 

“ማን ይቀበለኛል?”

ወንዶቹ ጫማቸውን አዩ። ትራይቼ ሰማዩን ዝናብ እንደሚፈራ ሰው ይመረምራል፤ ደመና የሚባል የለም። ሁለተኛ ጠየቅሁ። አባ ግሊጎር አንገታቸውን ደፉ። ሦስተኛ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ከኋላ የብር ጌጥ ሿሿ ሲል ሰማሁ።

“እኔ!” አለች ዶንካ። “እኔ እቀበላለሁ!”

አቤት ያን ጊዜ የሆነው! ደወሉ፣ ከበሮው፣ የአሮጊቶቹ ጩኸት። ስንት ዓመት ከቤት ያልወጡ ሴትዮ በከዘራቸው ሰው እየገፉ መጥተው ሳሟት። “ለከርሞ ያድርሰን ልጄ! አንቺ ዘንድ ያብላን!” “አሜን፣ አሜን!” ትላለች እሷ ላብ እያጠመቃት፣ ዳቦውን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ወገቤ ቀጥ አለ። የሰባት ዓመት ሸክም ከትከሻዬ ወረደ፤ ሦስት አረቄ በላይ በላዩ ጨለጥኩ። እፎይ!

እፎይታው ሩብ ሰዓት ቆየ። ትራይቼ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። ዘመድ ከሆንን ወዲህ ሳይጠራ ነው የሚቀመጠው።

“ናውም፣ ልጅቷ የተቀበለችውን ታውቃለች?”

“እንዴት አታውቅም!”

“እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።”

ሾርባዬን አየሁ። “ሐሙስ እኮ ነው የምትሄደው፣” አለ ትራይቼ። “ከርሞ ይህ ሁሉ ሰው ‘የታለች ደጋሿ?’ ሲል፣ ስሟን አጠፋህ ማለት አይደለም? የስቶይቼን ስም፣ አርባ ቀን መቃብር ለመቃብር ስትለቅም የከረመችውን ስም!” ተነሥቶ ሄደ። ያ ሰው ጠላቴ ሳለ ይሻለኝ ነበር። የበጉ ሥጋ አፌ ውስጥ ገለባ ሆነ።

ሲበርድ ዛፏ ሥር አገኘኋት። ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። “አውሮፕላን ላይ ይዤው ብገባ የሚከለክሉኝ ይመስልዎታል?” አለችኝ። እዚያው ቁጭ አልኩና ሁሉን ዘረገፍኩት፤ ዳቦው ምን እንደሆነ፣ ዕዳው ምን እንደሆነ፣ ወገቤን፣ ቬሊካን፣ ፍየሎቹን። “ዋሸሁሽ ልጄ። አሁኑኑ ለአባ ግሊጎር እመልሰዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ፣ ሰው ሁሉ ይስማ።” አንዴ ከተጀመረ ብዬ፣ “የበረቱም ግድግዳ...” አልኩ።

“እሱንስ አውቃለሁ፣” አለች ቀና ሳትል። “ሲሚንቶው ላይ ሰማንያ ሦስት ብለው በጣትዎ ጽፈውበታል። አለቀስኩ እንጂ ዕውር አይደለሁም።”

 በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቀው አጣች፤ ያስፈራ ነበር። ሳያት እንባዋ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል።  እጄን ወደ ጨርቁ ሰደድኩ።

“እንዳይነኩት!” ብላ ጮኸች። “አጎቴ፣ የእኔ ዳቦ ነው! አርባ ቀን ሙሉ አንድ ሳህን፣ አንድ ሳህን እንኳ አላሳጠባችሁኝም! ‘እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ።’ እዚያ ሜልቦርን ስሜን መጥራት አቅቷቸው ከየት ነሽ ይሉኛል፤ እዚህ መጥቼ ደግሞ እንግዳ! ቤቴ ውስጥ እንግዳ! አሁን ሥራ ሰጣችሁኝ። ውሸትዎን እግዜር ይቅር ይበልዎ፤ ዳቦዬን ግን አልመልስም።” አፍንጫዋን በአሥራ ሁለት ኪሎው ልብስ እጅጌ ጠረገችና ደብተሩን አወጣች። “አንድ ጥያቄ ብቻ። ለሁለት መቶ ሰው ስንት በግ ይታረዳል?”

አንጀቴን በላችው። ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ማታ ቬሊካ ሁሉንም ሰማች። ስድብ ስጠብቅ፣ የሽንኩርቱን ቅርጫትና ቢላዋ አንሥታ ዶንካ ፊት አስቀመጠች። ልጅቷ እየላጠች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች።

ሐሙስ ዕለት ሄደች። ለመንገደኛ ከኋላው ውኃ ሲደፉለት መንገዱ ይቀናል፣ መመለሻውም አይጠፋም ይባላል። እኔ እንዲህ ባለው ነገር ስስቅ ነው የኖርኩት። ትራይቼ ብርጭቆ ይዞ ወጣ፣ ቬሊካ ማንቆርቆሪያ፤ እኔ ባልዲ። አውቶቡሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሄደ፤ ሾፌሩ በመስኮት የተናገረኝን ደብተር ውስጥ እንኳ አይጻፍም።

መስከረም አለፈ። ጥቅምት አለፈ። ለልደት የመልካም ምኞት ካርድ መጣ፤ ስለ ድግሱ አንድ ቃል የለበትም። ወሬኞቹ ጀመሩኝ። “ናውም፣ ደጋሽህ ካንጋሮ ይታረድ አለች ወይስ በግ?” ሳቅሁላቸው። በልቤ ግን ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ የፈራሁት ዝምታውን ነው። ስላጭ የሚጠይቀኝ የለም። ቁራሽ ዳቦ ወድቆብኝ አንሥቼ ሳምኩትና ዞር ብዬ አየሁ፤ የሚጽፍ የለም። ቤቱ እንዲህ ይሰፋ ነበር እንዴ? ያንን የብሎኬት ግድግዳ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ በጥር ብርድ ኖራ ቀባሁት። ሰማንያ ሦስቷን ግን አልነካኋትም።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ፍየሎቹን እያለብኩ ስልኩ ጮኸ።

“እንደምን ከረሙ ጌታዬ! ከብቱ ደኅና ነው?”

“የት ጠፋሽ አንቺ?!” ብዬ ጮህኩ፤ አንዷ ፍየል ደንብራ ወተቱን ደፋችው።

“ትኬት ሳይቆረጥ አፌን አልከፍትም ብዬ ነው። አያቴ ‘ላልተወለደ ልጅ ስም አይወጣም’ ትላለች። አሁን ተቆርጧል። ከክለቡ ሰባት እንሆናለን ብዬ ነበር፤ አሥራ ስድስት ሆንን። አያቴም አለችበት፤ ጉልበቷን እያሳከመች ነው። አጎቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ቦሎቄው ከዋዜማው ነው የሚዘፈዘፈው?”

አሥራ ስድስት! አሥራ ስድስት ባለደብተር፣ ለሃያ ሁለት ሰው! አቤቱ ማረን። በረቱ ውስጥ ባልዲው ላይ ቁጭ አልኩ። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመው ድንጋይ ሲነሣ ተሰማኝ፤ እፎይ አልኩ፣ የዛሬው ግን ሩብ ሰዓት የሚቆይ እፎይታ አይደለም።

“ከዋዜማው ነው፣” አልኳት። ድስቱ የማን ነው? የቤተ ክርስቲያኑ። እንጨቱስ? ትራይቼ ይፈልጣል፣ ዘመድ ነው። ልጆቹ የት ይተኛሉ? ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። ፍየል ይፈራሉ? ይልመዱ። አሥራ አንድ ጥያቄ ቆጠርኩ። አባቴ ጭፈራውን በምን እግር ነበር የሚጀምሩት ያለችውን ጨምሮ።

“በቃ፣ ሥራ አስፈታሁዎት፤ ጨረስኩ፣” አለች።

ቬሊካ የበረቱ በር ላይ ቆማ የፈሰሰውን ወተትና እኔን ታያለች። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

“ዶንካ፣” አልኩ፣ “ቆይ እስቲ። ሌላ ጥያቄ የለሽም?”